በሩ ወዴት ነው? በፋሲል መዋኛ የወፍ ጎጆ ስቆጥር

ግንቦት 22

ነገሩን ያመጣው አንድ ወረቀት ነው። አንድ ወዳጄ ከድሮ መጽሐፍ ኮፒ ያደረገውን ገጽ «ይህቺ ያንተ ናት» ብሎ ሰጠኝ። ጸሐፊው ቡፎን ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ሊቅ። ስለ አንዲት የሐበሻ ወፍ ያወራል። ስሟን «ባግላፌክት» ይላታል። ጎጆዋን ከቀጭን ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ ትሰቅላለች ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ከረጋ ውሃ በላይ። በሩንም ዘወትር ወደ ምሥራቅ ታደርገዋለች፤ ዝናብ ከዚያ ወገን ስለማይመጣ።

«ዘወትር» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ። የሂሳብ አስተማሪ ነኝ። ተማሪ «ሁልጊዜ» ብሎ ሲጽፍልኝ በቀይ እስክሪብቶ «አረጋግጥ» እልበታለሁ። ቡፎን ደግሞ አገራችንን በዓይኑ አላየም።

ወፏ እንግዳ አይደለችም። ሸማኔ ወፍ ከምንላቸው አንዷ ናት። ሳይንሱ እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራታል። ሰውነቷ ቢጫ ነው፤ ጀርባዋ ወደ አረንጓዴ ይወስደዋል። ወንዱ ጥቁር ጭምብል ያጠለቀ ይመስላል፤ ከጭምብሉ መሀል ገርጣ ያለ ቢጫ ዓይን ያፈጣል። ቁጥቋጦ ያለው የጎንደር ግቢ ሁሉ ያውቃታል። ጎጆ የምትሠራውም አሁን፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። እኔ የማስተምረው በከሰዓት ፈረቃ ስለሆነ ጠዋቴ ባዶ ነው።

ስለዚህ እቆጥራለሁ። ቦታው ፋሲል መዋኛና አጠገቡ ያለው የቀሃ ወንዝ ዳር። ጥያቄው አንድ ነው፤ በሩ ወዴት ነው?

ግንቦት 24

ዕቃ ማሰባሰብ። ባይኖኩላር ከአስጎብኚ ጎረቤቴ ተዋስኩ። ማንገቻው ተበጥሶ ነበር፤ ሊስትሮው በጫማ ክር ሰፋልኝ። ከወንድሜ የተሻለ ስፌት ነው (ወንድሜ ልብስ ሰፊ ነው፣ እንዳይሰማኝ)። ደብተር። እርሳስ፤ እስክሪብቶ ዝናብ ሲነካው ይደበዝዛል። ጃንጥላ። አቅጣጫ ለማየት የስልኬ ኮምፓስ። አንድ እፍኝ ቆሎ።

በረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ ትንሽ መስታወት አስሬ ጎጆ ውስጥ ለማየት አስቤ ነበር። ተውኩት። እናትየዋ እንቁላል ላይ ተቀምጣ ከጎኗ መስታወት ብቅ ቢል ጎጆውን ጥላ ልትሄድ ትችላለች። ከሩቅ ያየሁት ይበቃኛል።

ግንቦት 25

ወፍ ሲንጫጫ ከቤት ወጣሁ። የመዋኛው በር ላይ ስደርስ የጥበቃው ሰውዬ ጋቢያቸውን ተከናንበው ቆመዋል።

«ምን ፈልገህ ነው ልጄ?»

«ወፍ ላይ ነው ጋሼ።»

«ወፍ ሰፈራችሁ የለም?»

አስረዳኋቸው። «የጎጆዋ በር ወዴት እንደሆነ ለማወቅ?» ብለው ደገሙልኝ። አንዴ ባይኖኩላሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። «በል ግባ። ግንቡ ላይ ግን እንዳትወጣ።»

ጥር 11 ቀን ብቻ የሚያውቀው ሰው ይህን ቦታ አያውቀውም። ለጥምቀት ከቀሃ ውሃ ይገባና ገንዳው ጢም ይላል፤ ሕዝቡ ግጥም ይላል። በሌላው ጊዜ ገንዳው ባዶ ነው፤ ሣርና ዝምታ። ከመሀሉ የፋሲል ግንብ ብቻውን ይቆማል። ዙሪያውን የድንጋዩን አጥር የዛፍ ሥሮች እንደ እጅ ጣት ጨብጠውታል። ቱሪስት ሁሉ ፎቶ የሚያነሳቸው እነሱን ነው። የሾላና የዋርካ ወገን ዛፎች እንዲህ ግንብ ላይ የሚበቅሉት ወፍ ፍሬያቸውን በልታ ዘሩን ስንጥቅ ውስጥ ስትጥለው ነው። ወፍ ዘራሽ የሚለውን ቃል በዓይኑ ማየት የፈለገ እዚህ ይምጣ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ቆየሁ። እርግቦች ግንቡ ጣራ ላይ። ዋኖሶች። አፏ እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ ስትነሳ ሰፈሩን በጩኸት የምታናውጥ ጋጋኖ። ሾላው ላይ አረንጓዴ ትንንሽ በቀቀኖች፤ ወንዶቹ ግንባራቸው ቀይ። ጭምብል ያደረገ ቢጫ ወንድም ሁለት ጊዜ አለፈ፤ ጎጆ ግን የለውም። ማለትም ስለ ጎጆ ከሆነ ጥያቄው፣ ወፍ የለም።

ግንቦት 27

ቁጥር 1 ተገኘ!

በምዕራቡ አጥር በኩል፣ ወደ ገንዳው ካዘነበለ ቅርንጫፍ ጫፍ ላይ። ገና ጀማሪ ነው። ወንዱ የሣር ቅጠል ጠርዝ ላይ በአፉ ይነክስና ጫፉን እንደያዘ ይበራል፤ ቅጠሉ ከላይ እስከ ታች እንደ ክር ይተለተላል። ያንን ይዞ ይመጣል። በአንድ እግሩ ይረግጠዋል፣ በአፉ ያሾልከዋል፣ ይጠመዝዘዋል፣ በወዲያ በኩል ይስበዋል።

መጀመሪያ የሠራው ቀለበት ነው። ሁለት ቀንበጥ መሀል የቆመ የሣር ቀለበት። ከዚያ ቀለበቱ ላይ ቆመና ከዚያ ሳይነቃነቅ በፊቱና ከራሱ በላይ ይሠራ ጀመር። አፉ እስከደረሰበት ድረስ ብቻ። የጎጆው ስፋት የአንገቱ ርዝመት ነው ማለት ነው፤ ሜትር አያስፈልገውም። የእኛም ሸማኔ ጉድጓዱ ዳር ተቀምጦ፣ እግሩን ከቶ፣ ሳይነሳ አይደል የሚሠራው? ስሙን ያወጣለት ሰው ነገር ያውቃል።

ሦስት ሰዓት ሙሉ አየሁት። ቆሎው አለቀ። አንገቴ ደርቋል።

ግንቦት 28

ዝናብ። ምንም።

ሰኔ 1

በአራት ቀን እስከ ቁጥር 8 ደረስኩ። ሦስቱ መዋኛው ግቢ ውስጥ፣ አምስቱ ቀሃ ዳር። ባግላፌክት እንደሌሎቹ ሸማኔ ወፎች በመንጋ አይሰፍርም። አንድ ጥንድ እዚህ፣ አንድ ጥንድ እዚያ። ስለዚህ ሥራው በአብዛኛው በእግር መዞር ነው። እንዳልረሳቸው የቀሃዎቹ ዛፎች ግንድ ላይ ቀይ የጨርቅ ቁራጭ አሰርኩ።

ቁጥር 1 ጎጆው አልቋል፤ ሴቷ ገብታለች። ለስላሳ የሣር ራስ እየያዘች ነው የምትመላለሰው። ቤቱን ወንዱ ይሠራል፣ አልጋውን እሷ ታነጥፋለች።

የስምንቱንም በር በኮምፓስ ለካሁ። ስድስቱ ወደ ሰሜን ሆነ። ቡፎን ወድቋል ብዬ ለወዳጄ ደወልኩለት። ደስታዬን መናገር አፍራለሁ።

ሰኔ 2

ቡፎን አልወደቀም። እኔ ነኝ የወደቅኩት።

ዛሬ ጠዋት ቁጥር 3 ሥር ቆሜ ስልኬን አወጣሁ። ፀሐይ ከፊቴ እየወጣች ነው። ስልኬ ግን «ሰሜን» ይላል። ፀሐይ በሰሜን ስትወጣ ምጽአት ካልሆነ በቀር የተበላሸው ስልኩ ነው። የሆነው እንዲህ ነው። የስልኬ ሽፋን እንደ መጽሐፍ የሚታጠፍ ነው፤ ክዳኑን የሚይዘው ማግኔት ነው። ማግኔት ከኮምፓስ ጎን! ይህንን የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ያውቀዋል። ስምንቱም ንባብ በእርሳስ ተሰረዘ። ወዳጄ እስካሁን ይስቃል።

ሰኔ 3

ሽፋኑን አውልቄ ስልኩን በፀሐይ ፈተንኩት። እዚህ ላይ ትንሽ ሂሳብ ይፈቀድልኝ። በሰኔ ፀሐይ ልክ በምሥራቅ አትወጣም። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለሆነች፣ በዚህ ወር ፀሐይ የምትወጣው ከምሥራቅ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ገደማ ዞር ብላ ነው። ቀትር ላይ ደግሞ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታዘነብላለች፤ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። ማመን ያቃተው ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥቶ ይቁም።

ስልኩ ያለ ሽፋን 67 አነበበ። የጠበቅኩት 66 ነው። ይሄ ይሠራል። ሁሉንም ከአዲስ።

ሰኔ 5

አዲስ ችግር። «በር» ማለት ምን ማለት ነው?

ከሩቅ ሲያዩት ጎጆው የተደፋ ቅል ይመስላል። ቀዳዳው ከጎን ሳይሆን ወደ ታች ነው። ወፏ ከሥር ተወርውራ ትገባለች። ወደ ታች የሚያይ በር ምሥራቅም ምዕራብም የለውም። ቀኑን ሙሉ ይሄ ሲያንገበግበኝ ዋለ። ማታ ቅል አምጥቼ ከጣራው ላይ አንጠልጥዬ አየሁ። (እናቴ ከጓዳ ብቅ ብላ አየችኝና ተመለሰች። ምንም አላለችም።) ቀዳዳው ወደ ታች ቢሆንም ከንፈሩ በአንድ በኩል ከፍ ይላል። ከፍ ያለበት በኩል ነው ወፏ የምትወጣው። እሱን እለካለሁ። ጨርሶ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሆነውን «አይታወቅም» እለዋለሁ። ትርጉሙን ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ጻፍኩት፤ ኋላ ውጤቱን አይቼ እንዳልቀይረው።

ሰኔ 8

ዛሬ ለመጻፍ ደስ አይልም።

ቁጥር 6 ወርዷል። ተቀዶ መሬት ላይ ነው። ከጎኑ ሁለት የተሰበሩ እንቁላሎች፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ቡናማ ነጠብጣብ ያለባቸው። ቁጥር 7ም ቅርንጫፉ ተቆርጧል። ትንሽ ወረድ ብዬ ወንጭፍ የያዙ አራት ልጆች አገኘሁ። ተቆጣሁ። ድምፄን ከፍ አድርጌ ተቆጣሁ። ትንሹ ልጅ ቀና ብሎ አየኝና፣

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ ምልክት ያሰሩልን?» አለኝ።

ቀዩ ጨርቅ። ሰፈሩ ሁሉ የሚያየው ቀይ ጨርቅ። ልጆቹ ለብቻቸው ቢፈልጉ ቁጥር 6ን በሳምንት አያገኙትም ነበር፤ እኔ አድራሻውን ሰቀልኩላቸው። ሁሉንም ፈታሁ። ከአሁን በኋላ የዛፎቹ ቦታ ደብተር ላይ በእጅ በተሳለ ካርታ ብቻ ይሆናል።

ትንሹን ልጅ ባይኖኩላሩን አሳየሁት። መጀመሪያ በተቃራኒው በኩል አየበትና «ራቀ!» አለ። ዞር አድርጌ ሰጠሁት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

ሰኔ 12

ሚካኤል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አልቆመም። ቤት ተቀምጬ ሳነብ ዋልኩ።

ኤድዋርድ ሩፔል የሚባል የፍራንክፈርት ሰው በ1832 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገባ። ብራናም ወፍም ይሰበስብ ነበር፤ ሁለቱንም ወደ ከተማው ወሰደ። መዋኛው ግንብ ላይ የማያቸው አንገታቸው ነጭ እርግቦች፣ ያቺ ጯሂ ጋጋኖ፣ እንዲሁም አፉ እንደ መጥረቢያ ወፍራም የሆነው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ያለበት የእኛ ቁራ፤ ሦስቱንም ለሳይንስ መጀመሪያ የገለጻቸው እሱ ነው። ሦስቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ እምብዛም አይገኙም። ከውጭ የሚመጣ ወፍ ተመልካች እነዚህን ሦስቱን ለማየት ስንት ብር ያወጣል። እኛ ቁራውን በድንጋይ እናባርረዋለን።

ሰኔ 16

ልጁ ዛሬ ከበሩ ላይ ጠበቀኝ። «ጋሼ ብዙ ቦታ አውቃለሁ» አለ። ተከተልኩት።

ቀሃን ወረድ ብሎ ውሃው ላይ የተንጋደደ ግራር አለ። ጎጆ አንጠልጥሎ ሊሰበር ደርሷል። 31 ቆጠርን። እነዚህ ባግላፌክት አይደሉም። ወንዶቹ ራሳቸው ጥቁር፣ ዓይናቸው ቀይ፣ ጀርባቸው ቢጫና ጥቁር የተቀላቀለ ነው። በመንጋ የሚሰፍሩት ሸማኔ ወፎች እነሱ ናቸው። ልጁ «ግሪሳ» ነው የሚላቸው፤ አብዛኛው ሰውም እንዲያ ይላል። ግሪሳ ግን የአጎት ልጅ ናት እንጂ እነሱ አይደሉም። እሷ ማሽላውን ለማራገፍ እንደ ደመና የምትወርደው ናት።

ለቆጠራዬ አይጠቅሙኝም። ግን እንዴት ትቼ እሄዳለሁ? ወንዱ ጎጆውን ሲጨርስ ከሥሩ ቁልቁል ይንጠለጠላል፤ ክንፉን እያርገፈገፈ ይጮሃል። ሴቷ ትመጣለች። ትገባለች። ሣሩን በአፏ ትስበዋለች፣ ይጠብቅ አይጠብቅ እንደሆነ። አብዛኛውን ጊዜ ጥላው ትሄዳለች። ጎጆው አረንጓዴ እያለ ፈቃደኛ ካላገኘ ሣሩ ይደርቃል፣ ቀለሙ ይሄዳል፤ የደረቀ ቤት የምትመርጥ የለችም። ያን ጊዜ ወንዱ የገዛ ቤቱን ክር በክር ፈትቶ እዚያው ቦታ ላይ ሌላ ይጀምራል። ጎጆ ቀልሶ ሽማግሌ ልኮ «እናስብበት» የተባለ ጎረምሳ ነው እኮ! አንዱ ዛሬ ዓይኔ እያየ ሁለት ጊዜ ተመለሰበት።

ሠርገኛው ውስጥ ሌባ አለች። አረንጓዴ የምታብለጨልጭ ትንሽ ኩኩ። ሰው ሳያያት የራሷን እንቁላል ሸማኔዎቹ ጎጆ ውስጥ ጥላ ትሄዳለች፤ እነሱ ያሳድጉላታል። ሸማኔዎቹም ዝም አላሉም። አንዷ ሴት የምትጥለው እንቁላል ነጭ ነው፣ የሌላዋ ሰማያዊ፣ የሌላዋ ነጠብጣብ ያለበት። እያንዳንዷ የራሷን መልክ ታውቃለች፤ ባዕድ ሲመጣ ትጥለዋለች። ይሄ ወፍ በሰው እጅ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተወስዶ ነበር። እዚያ እንዲህ ያለች ኩኩ የለችም። ተመራማሪዎች ኋላ ሲያዩት የእንቁላሎቹ ልዩነት ቀንሶ አገኙት። ሌባ ከሌለ ቁልፍ ማን ይገዛል።

ድንገት ጫጫታው ተቀየረ። ግራጫ ጭልፊት መጣ፤ ፊቱ ላባ የሌለው ቢጫ። ቅርንጫፉ ላይ አልቆመም። ጎጆው ላይ ራሱ ተለጠፈ፤ ክንፉን እያራገበ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ እግሩን በበሩ ከተተ። የዚህ ጭልፊት የእግሩ መገጣጠሚያ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይታጠፋል፤ የተሠራው ለዚህ ነው። ከሦስት ጎጆ ሁለቱን ባዶ አደረገ። ልጁ ወንጭፉን ከኪሱ አወጣ። አየኝ። መልሶ ከተተው።

ሰኔ 17 እስከ 22

ፈተና፣ እርማት። ወፍ የለም።

ሰኔ 24

ሌሊት ከባድ ዝናብና ነፋስ ነበር። ጠዋት ሄድኩ። ቁጥር 4 ወድቋል፤ ባዶ ነበር፣ ሴት አልገባችበትም። ይዤው ወደ ቤት መጣሁ።

እናቴ ጠረጴዛው ላይ ስታየው ከጓዳ ወጣች። እሷ ሰፌድና ሌማት ስትሰፋ ነው ያደገችው፤ ስለ ሣር ከእሷ ጋር መከራከር አይቻልም። በመርፌ ጫፍ ፈታ ፈታ አደረገችው። «ይሄ አክርማ ነው» አለች። «ይሄ ደግሞ የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ከየት አገኘው?» ቀለበቱ ያለበትን ቦታ አገኘችና ዝም ብላ ቆየች። «ቋጥሮታል። ይሄውልህ፣ እዚህ ጋ ቋጥሮ ወደ ውስጥ መልሶታል። እኔም ስጀምር እንዲህ ነው የማደርገው።»

አብረን ፈታነው። ሦስት ሰዓት ፈጀ። 287 ክር። ረጅሙ 41 ሳንቲ ሜትር። ጣራው ላይ ሽመናው ድርብ ነው፣ በጎኑ ስስ ነው። ውሃ የሚያንጠባጥበውን ቦታ ያውቃል። እናቴ ክሮቹን አልጣለቻቸውም። አንድ ላይ አስራ መስኮቱ ላይ አስቀምጣቸዋለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

ሌላ ነገር። ከሰኔ 3 ጀምሮ ዝናብ ሲይዘኝ ነፋሱ ከየት እንደመጣ እጽፍ ነበር። 9 ጊዜ ይዞኛል። 5ቱ የመጣው ከምሥራቅ ወገን ነው። የትናንት ሌሊቱም ጎጆውን ወደ ምዕራብ ነው የጣለው። «ዝናብ ከምሥራቅ አይመጣም» የሚለው ቢያንስ መዋኛው ግቢ ውስጥ አይሠራም።

ሐምሌ 1

ቁጥር 1 ጫጩት አለው። ሁለቱም አባጨጓሬ እያመላለሱ ነው። በስድስት ደቂቃ አንድ ጊዜ። የጥበቃው ጋሼ ወንበር አውጥተውልኛል። ሻይም።

ሐምሌ 7

ሥላሴ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድኩ፣ ለንግሥ። ባይኖኩላሩን እቤት ትቼ። ግቢው ውስጥ ጥዱና ወይራው ዝናብ ጠጥቶ ጠቁሯል። ሕዝቡ ጃንጥላ ዘርግቶ፣ ካህናቱ ወረብ ላይ። ቅድመ አያቶቻችን ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ይህቺን ቤተ ክርስቲያን ያተረፋት የንብ መንጋ ነው ይላሉ። ይህን እያሰብኩ ቀና ስል ከራሴ በላይ ጥዱ ላይ፣ ከቅርንጫፉ ጫፍ፣ አንድ የተደፋ ቅል።

አልለካሁትም። ሰው መሀል ቆሜ ስልክ አልመዝም። ግን በዓይኔ ገመትኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ሐምሌ 8

ቁጥር 1 ጠዋት ሁለት ነበሩ። በአራት ሰዓት አንዱ በሩ ላይ መጣ። ጫፉን ይዞ ግማሽ ሰዓት ተንጠለጠለ። አባትየው አጠገቡ ቅርንጫፍ ላይ አባጨጓሬ ይዞ ይጮሃል፣ አይሰጠውም። ጋሼ ከጎኔ ቆመው «ና በለው፣ ና በለው» ይላሉ። በመጨረሻ ዘሎ ወደቀ እንጂ በረረ አይባልም፤ ከታች ካለ ቁጥቋጦ ላይ አረፈ። ጋሼ አጨበጨቡ።

ሐምሌ 10

ቆጠራ። ልጁ ካገኛቸው ጋር 14 የባግላፌክት ጎጆ (የሥላሴውን አልጨመርኩም)።

የቅርንጫፍ ጫፍ፦ 14 ከ14። ቡፎን እዚህ ላይ ልክ ነው።

ከረጋ ውሃ በላይ፦ ገንዳው ውስጥ ዝናብ ያቆረውን ብቆጥርለት 5። ከሚፈስ ውሃ በላይ 4። የቀሩት 5 ከደረቅ መሬት በላይ።

የበሩ አቅጣጫ፦ ምሥራቅ 6፣ ደቡብ 3፣ ምዕራብ 2፣ ሰሜን 1፣ አይታወቅም 2።

ስድስት ከአሥራ ሁለት! «ዘወትር» አይደለም፣ ግን በአቦ ሰጡኝ ሦስት ነበር የሚደርሰው። ትንሽ ደነገጥኩ። ሰውዬው አንድ ነገር ሰምቶ ነበር ማለት ነው?

ከዚያ ካርታዬን አየሁ። ስድስቱን ምሥራቆች በቀይ ከበብኩ። አምስቱ የቆሙት ከውሃው በስተምዕራብ ባለ ዳር ነው፤ የመዋኛው ምዕራብ አጥር፣ የቀሃ ምዕራብ ዳር። ቅርንጫፎቻቸው የሚያዘነብሉት ወደ ውሃው ነው። ውሃው ደግሞ በምሥራቃቸው ነው። ስለዚህ ወፏ ምሥራቅን ትምረጥ ውሃውን ትምረጥ በእኔ ቆጠራ መለየት አይቻልም። ሁለቱ ጥያቄዎች ተጣብቀዋል። እኔም ከዚህ ዳር ብቻ የቆጠርኩት መንገዱ በዚህ በኩል ስለሆነና ጫማዬ እንዳይበላሽ ነው። ተማሪ እንዲህ ቢሠራልኝ ኖሮ ግማሽ ማርክ እነፍገው ነበር።

ሐምሌ 12

ቀሃን ተሻገርኩ። ጫማዬን በእጄ ይዤ። ልጁ ከፊት፣ ሱሪውን ጠቅልሎ። ውሃው እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ከዚህ በኋላ እስከ መስከረም አይሻገሩትም።

በምሥራቁ ዳር ሦስት ጎጆ አገኘን። ከዚህ ወገን ውሃው በስተምዕራብ ነው። የአንዱ በር ወደ ምዕራብ፣ ወደ ውሃው። የሁለተኛውም ወደ ምዕራብ። ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ አይታወቅም።

ስመለስ ለጋሼ ነገርኳቸው። ምሥራቅም ዝናብም ላይሆን ይችላል፣ ገደል ወይ ውሃ ያለበትን፣ ክፍት የሆነውን ወገን ይሆናል አልኳቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው፣

«ይሄን ለማወቅ ነው ሁለት ወር?» አሉ። «በሩን ወደ ግድግዳ የሚያወጣ ማን አለ?»

ደብተሩ ላይ 15፣ 16፣ 17 ብዬ ጨመርኩ። ውሃው ቀድሞ ካልሞላ ነገ ልጁ ከላይኛው ድልድይ በኩል ወደ ምሥራቁ ዳር የሚያወርድ መንገድ አለ ብሏል። በ12 ሰዓት ተኩል ሊስትሮው ጋ እንገናኛለን።